የጉልበት መዋጮ

ቀን፦ ጥቅምት አሥራ ሁለት። ሚካኤል ነውና በሬ አልተጠመደም።
ቦታ፦ ጅጋ፣ አጸደ ሕፃናት፤ ከዚህች ክፍል በቀር አዳራሽ የለንም።
የተገኙ፦ አምስት ሰው። አበል፦ የለም። ሻይ፦ የለም።
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ የተባለውን እንጂ የሆነውን አልጽፍም።

ወንበሩ የልጅ ነው።
አንማው ልብስ ሰፊው፣ ካንገቱ በማይለየው
በሸሚዝ ሜትሩ የሕፃናቱን ባት አንድ በአንድ ለክቶ፣
አናጢውን ጎትቶ፣
ያሠራው ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ክንድ ያነሰ፣
ለአራት ዓመት እግር እንጂ ለሹም ያልተደገሰ።

ሊቀመንበራችን እንየው፣ የእህል በረንዳው ባለሚዛን፣
ኩንታል በትከሻው የሚጥል፣ የደንበጫ ነጋዴ የሚፈራው ድምፁን፣
ተቀመጠ።
ጉልበቱ ሽቅብ ወጥቶ ከጆሮው ተካከለ፣
"አጀንዳ አንድ" ሊል ሲል ወንበሩ ሲጥ አለ።
መሪጌታ ልሳነወርቅ ጋቢያቸውን ጠቅልለው
ከጎኑ ሰፈሩ፣ መቋሚያቸውን መሀል አስገብተው፤
ትበይን የበርበሬዋ፣ ሣቋን በነጠላዋ ጥለት ነክሳ ያዘችው።

አጀንዳ አንድ፦ የግቢው በርና ሰሌዳ።
"ኅዳር ላይ" አለ እንየው፣ "ይመጣል ወረዳ።
የቆርቆሮ በር እናቁም፣ ሰማያዊ የተቀባ፤
ስማችን በትልቁ ይጻፍ፤ ያየን ሰው 'ትምህርት ቤት' ብሎ ይግባ።"
አጀንዳ ሁለት፦ ሽንት ቤቱ።
መቀርቀሪያው ከላይ ነው፤ በሩ ክፍት፣ መንገደኛ በፊቱ።
"ሴቶቹ" አለች መምህርት ሽታዬ፣ ከዳር ቆማ፣ "እስከ ቤት ይይዙታል፤
አንዳንዷ ሳትደርስ ቀርታ፣ ጥጉ ላይ ቀሚሷ ርሶ ይገኛል።"

ገንዘቡ ግን አንድ ነው፤ አራት ሺህ ከምናምን፤
ወይ ለእንግዳ በር፣ ወይ ለልጅ በር፤ ለሁለቱ አይሆን።

"ወረዳው" አለች ትበይን፣ "ዓይን ነው፤ አይቶ ይሄዳል፤
ሽንት የሚመጣባቸው ልጆቹ ናቸው፤ እሱስ ሆቴሉ ያድራል።"
መሪጌታ ሣቁ። እንየው ግን አልሣቀም፤
ሚዛን የያዘ ሰው ከባዱን ሳያይ አይፈርድም።
ተነሥቶ ወጣ።
እኛም ደብተር በብብት፣ ወሬ በሆድ፣ ተከተልነው።
ከሽንት ቤቱ ደጃፍ ያ ግንድ የሚያህል ሰው
ጭቃው ላይ ቆመ፤ በእግሩ አይደለም፣ በጉልበቱ፣
ከነበዓል ሱሪው፣ ልክ በልጅ ቁመቱ።
ክርኑን አጥፎ፣ ክንዱን በልጅ ክንድ ልክ አሳጥሮ
እጁን ሰደደ። አልደረሰም፤ ቀረ ተንጠራርቶ ተወጥሮ።
ዘወር ሲል፣ ከዚያ ዝቅታ፣ መንገዱ ታየው፤
ጋሪው፣ ባጃጁ፣ መናኸሪያው፣
ሁሉም ዓይኑን ወደዚህ የጣለ መሰለው።
ብዙ ዝም አለ።
"በል አንማው፣ ሜትርህን አምጣው።"

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ "በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።"
ጭቃው የለበትም። የእንየው ጉልበት በወረቀት አልተመዘነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ጤናው። ዕድሜ፦ አራት ዓመት ተኩል።
የሦስት ወር ክፍያ ቀርቶበታል። ይሰረዝ ወይስ ይቀጥል?
አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል ከመስከረም፤
መልእክትም የለ፣ ስልኩም አይጠራም።
ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፦ "ገንዘብ" እና "ጉልበት"፤
ወላጅ ካንዱ ሥር ያኖራል ምልክት።
ገንዘቡ ባዶ ነው። ጉልበቱም መተማ ነው ያለው።
ብዕሬን እንደያዝሁ ቀና ብል፣ ከትንሿ ጠረጴዛ በላይ የማየው
አሥር ጉልበት ነው፤ የተሰለፈ፣ ያረጀ፣ አንዱ በጭቃ የተለበጠ፤
ምንም ሳይባል፣ ከሁለተኛው ዓምድ ሥር፣ እጄ ጭረት አስቀመጠ።
ማንም "የማን?" ብሎ አልጠየቀኝ።

ከዚያ መነሣት ቀረ፤ ከአጀንዳው ሁሉ የከበደው።
መሪጌታን ትበይን ሳበች፣ ትበይንን አንማው፣
አንማውን እኔ፤ እንየውን ሁላችን ተረዳድተን ነቀልነው።
"ስብሰባው በአሥራ አንድ ሰዓት ተዘጋ" ብዬ ጻፍሁ።

የተዘጋው ግን በሳምንቱ ነው፤ በደጅ ሳልፍ ሰማሁ፦
ቀጭ።
ከውስጥ። በአራት ዓመት እጅ።