ቢጫው ሥር

ለቀማው አልቆ ቢርጃንድ ላይ፣ ደረቅ ብርድ ሲወርድ፣
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከማህሩ ፊት ዘጠና ስድስት ጉድጓድ፤
ገበጣ ይመስላል ሳህኑ፣
ጠጠሩ ግን ጠብታ ነው፤ ብቻዋን ትዘራለች እስኪመሽ ቀኑ።
ወደ ታች መድኃኒቱን፣ ከብዙ ወደ ጥቂት፣
ወደ ጎን የዘረሽክ ሥርና ቅጠል ጭማቂ፣ ከጥቂት ወደ ብዙ፤
በየጉድጓዱ ደግሞ፣ ከአልጋ ሰባት ቁስል የተቀዳ
አንዳንድ ጠብታ ጠላት፣ ከነመዘዙ።

ጠላቱ ሞኝ አይደለም።
ፊት መድኃኒቱን ፈራው፣ ቀጥሎ ተላመደው፣
አሁንማ እንደ ቤት ድመት ለማዳ አደረገው፤
በገላው ግድግዳ ላይ የጓሮ በር አበጅቶ
የገባውን ሁሉ ያባርራል፣ ከነጓዙ አውጥቶ።
የሥሩ ቢጫም ብቻውን ሲላክ ዕጣው ያው ነው።
ግን እሾሃሙ ቁጥቋጦ ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤
ከቅጠሉ ውስጥ ሌላ ደብቋል፣
ቀለም የለው፣ ማንንም አይገድልም፤
ሥራው በር ይዞ መቆም ነው፣
ሌሎቹ የልባቸውን እስኪያደርሱ ዝም ነው።

ሌሊቱን በሰው ገላ ሙቀት አደረ።
ጠዋት ከፈተችው፦
ድፍርስ። ድፍርስ። ድፍርስ።
አምስተኛው ረድፍ ላይ
ጥርት።
ጎኑም ጥርት፤ መድኃኒቱ ብቻውን ባቃተው ስምንተኛ እጅ።
አልጮኸችም። መነጽሯን ጠርጋ ደግማ ቆጠረች።
«ሳህን ጉበት የለው፣ ደም የለው» ብላ
እርሳሷን ቀርጻ ቁጥሩን አሰፈረች።

ፎቅ ላይ፣ አልጋ ሰባት፣ ሽማግሌው በማንአሊ፤
ወንድሞቹ በጨቅላነት ሲያልቁ «ኑርልን» ሲሉ ያወጡለት ስም፤
አርባ ዓመት ዘረሽክ አልምቶ
እግሩን የወጋው የዚያው ቁጥቋጦ እሾህ ነው።
ጣቷን አየና ሳቀ፦ «ይህን ቢጫ አውቀዋለሁ!
ፍሬውን ለገበያ፣ ሥሩን ከነቅጠሉ ለምድጃ፤
ስንት ብርድ ሞቅነው መሰለሽ፣ ልጄ።»

እሾህ በእሾህ ይወጣል ያለ ሰው
ስንት ቀን እንደሚፈጅ አልተናገረም።
ነገ ሐሙስ ነው፤ ሐኪሞቹ ስለ እግሩ ይመክራሉ፤
የሳህኑ ጥራት ከቁስል እስኪደርስ ዓመታት ይሄዳሉ፣
እግር ደግሞ አይጠብቅም።
ጣቷን ኪሷ ከታ ደረጃውን ወረደች።
ሁለተኛውን ሳህን አነሣች፣
ጠርዙ ላይ «አልጋ ሰባት» ብላ ጻፈች፤
ጥቂት አሰበችና፣ ደንቡ ባይፈቅድም፣
ከሥሩ፦ «በማንአሊ»።