አምስት ኪሎ

ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
"አምስት ኪሎ ቀንስ፣ ግፊትህ ጨምሯል" ብላ
ሸኘችኝ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦
"የሰፈር ሩጫ፣ እሑድ፣ አምስት ኪሎ" ይላል።
ብቻዬን ሳቅሁ እኔ። አምስት ኪሎን የማውቀው
በታክሲ ነው እንጂ፣ ማን ሮጦ ሊዘልቀው?

ጌንት ዳገት የላትም፤ ድልድይ ነው ያላት፣
ሦስቱን ሲሻገሩ ግን ዳገት በሏት።
ይህን ያወቅሁት ማክሰኞ ማታ ነው፣
ትራም ስጠርግ ውዬ፣ ወገቤ እንደዛለ፣
ዋጋው ገና ያልተላጠ ጫማ አጥልቄ
በቦዩ ዳር ሳዘግም።
አንዲት ዳክዬ ነቃች፣ ልትበር ክንፏን ዘርግታ፤
ፍጥነቴን መዘነች፣
ተኛች ተረጋግታ።

ረቡዕ ጾም ነው አልኩ።
እግሬንም አስጾምኩት።

ሐሙስ ግን ዊልፍሪድ በሬን ደበደበ፤
ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ለሰማንያ የቀረበ፣
ደረጃ ስንወጣ ቆሞ የሚጠብቀኝ።
"ሀገርህ የሯጭ ነው፣ ምሥጢሩን ንገረኝ።"
ነገርኩት ምሥጢሩን፦ መምህር ይርዳው ድሮ
ፊሽካውን ሲነፋ፣ ክፍሉ ሁሉ በሮ፣
እኔ ነበርኩ ቀሪው፣ ከዛፉ ሥር ቆሜ፣
የሠላሳ ልጅ ሹራብ በክንዴ ተሸክሜ፤
"አንተ ልብስ ጠብቅ" ነበር የእኔ ድርሻ።
አላመነኝም። ትሕትና መሰለው፣
ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሳቀ።

"እያወራህ ሩጥ" ይላል የእሱ ሕግ፣
"ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል፣ ረገብ አድርግ።"
እኔ ግን በነሱ ቋንቋ
ቁጭ ብዬም ማውራት ያቅተኛል፤
በዚህ ሒሳብ ከሆነ
ወንበር ላይ ሆኜም ፈጣን ነኝ።

ዓርብ ባቴ ታሰረ። ትርንጎ በቪክስ እያሸች፣
"ማን አባረረህ?" አለችኝ፣ ከሳቋ እየታገለች፣
"መጽሐፉ ሳያሳድዱት የሚሸሽ ኃጥእ ነው ያለው።"
ዝም አልኩ። እጇ ይሞቃል። መልስ የለኝም፣ እውነት ነው።

ቅዳሜ ፓስታ በላሁ፣ ሁለት ሳህን።

እሑድ። ካፊያ። ደረቴ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት
በአራት መርፌ ቁልፍ ተሰክቶ፣ አንዱ ጠማማ።
አስተናባሪው ፊቴን አየ። ሮጦ መጣ፤
"ያንተ ቦታ እዚህ አይደለም" ብሎ ጎተተኝ ወደ ፊት፣
ባታቸው እንደ ገመድ የተገመደ ልጆች መሃል።
አንዱ እጄን ጨበጠኝ፣ መዳፉ በላብ ርሷል።
ምን ልበለው? ተኩሱ ቀደመኝ።

ሠላሳ እርምጃ ያህል ለሀገሬ ሮጥኩ።
ከዚያ ለራሴ።

አለፉኝ ልጆቹ። አለፈኝ አንድ አባት የሕፃን ጋሪ እየገፋ፣
አለፈችኝ ሴትዮ፣ ውሻዋም፤
ዊልፍሪድ አለፈኝ፣ እያወራ።

አንድ ኪሎ። ሁለት። የሦስቱን ሰሌዳ አላየሁትም፣
ድልድይ ላይ ነበርኩ፣ ዓይኔ ውስጥ ላብ ነበር።
አራት ኪሎ ስደርስ ሐውልት የለ፣ ቤተ መንግሥት የለ፤
አንድ ጠረጴዛ፣ ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ፤
ውሃውን በወረቀት ኩባያ
በሁለት እጇ አቀረበችልኝ፣ ማን እንዳስተማራት እንጃ።

ከአራት ኪሎ አምስት ኪሎ
እኛ ዘንድ አንድ ወሬ የማያስጨርስ መንገድ ነበር፤
እዚህ ኮብልስቶኑን
አንድ ባንድ ከፈልኩት፣ እንደ ዕዳ።
ካፊያው አባራ። ትንፋሽ ብቻ እሰማለሁ፣
የሌላ ሰው ትንፋሽ፣ ከኋላዬ የሚመጣ።
ዞር አልኩ። ማንም የለም።
መጨረሻው እኔው ነኝ።

ስደርስ የላስቲኩን በር እያስተነፈሱት ነበር፣
ግማሹ ተኝቷል፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።
ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ከአርባ አንድ ሴኮንድ።
አጥሩ ሥር ዊልፍሪድ ቆሟል፣
ባንድ እጁ የተገመሰ ሙዝ፣ በሌላው ክንዱ ጃኬቴ፣
እንዳይረጥብ በራሱ ኮት ሸፍኖት።
"ልብስህን ጠበቅሁልህ" አለኝ።

ሰኞ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ግማሽ ኪሎ።
አራት ኪሎ ተኩል ይቀረኛል።