ደረጃ ሀ

ክረምት አልገባም ገና፤ ግንቦት ነው አዳማ፣
አስፋልቱ ለስልሶ ይለጠፋል ጫማ።
ቦርሳዬ ውስጥ አለ የሙቀት መለኪያ፣
ባለ ቀይ ጨረር፣ የግድግዳ ማያ፣
አሥራ ሁለት ገጽ ቅጽ፣ ማኅተም፣ መመሪያ።
«የሕንፃ የኃይል ብቃት ምስክር ወረቀት»
ይላል ሽፋኑ ላይ፣ በወፍራም ሕትመት።
አንቀጽ ሦስት ያዛል፦ ሻጭም ሆነ አከራይ
ፊደሉን ይለጥፍ ከመግቢያው በር ላይ።
ከሀ እስከ ረ ነው፤ ስድስት ነው ደረጃው፤
ሀ የቆጣቢው ነው፣
ረ የአባካኙ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ፍራንኮ ሰፈር ነው፣
ከአቶ ሽብሩ ፎቅ፣ መስታወት ከለበሰው።
ሰባት ወለል ሙሉ አንድም የለው ጥላ፣
ፊቱን ለምዕራብ ሰጥቶ ፀሐይ የሚበላ።
ኤሲው በጀርባው ላይ እንደ እባጭ ወጥቶ
ያንጠባጥባል ውኃ ቀኑን ሙሉ ተግቶ፤
ባለጋሪው ከሥር ፈረሱን አቁሞ
ጠብታውን ያጠጣል በባልዲ አጠራቅሞ።

አቶ ሽብሩ ሳቀ። «ልጄ፣ ፊደል ነው ወይ?
እኔም ቆጥሬያለሁ በልጅነቴ ላይ!
ረ ብለሽ ብትሄጂ ተከራይ ይሸሻል፤
ባንኩ አንደኛ ፎቅ ነው፣ ውሉን ያፈርሳል።
ሀ ስጪኝ አላልኩም፣ እሷስ ትበዛለች፤
ለን ብታደርጊልኝ፣ እሷ ትበቃለች።»
ሻይ አዘዘ፣ ቀረ። ፖስታ ገፋ፣ ቀረ።
ቁጥሩን ደመርኩና ማኅተሙን አሳረፍኩ።
«ኧረ!» አለ ሽብሩ።
«አዎ፣» አልኩት፣ «ረ።»

በሳምንቱ ዘበኛው ነገረኝ፦ ወረቀቱ አለ፤
ከእሳት ማጥፊያው ኋላ ዞሮ ተሰቀለ።

ጣቢያው ጎን ያለው ቤት ክንድ ከስንዝር ግንቡ፤
አቶ ወርዶፋ ጋዜጣ በረንዳው ላይ ሲያነቡ
ደረስኩ። ለካሁ፣ ለ ሰጠሁ። ደስ አላላቸውም።
«የሠራው ሰው ሞቷል፣» አሉ፣ «ለማን ልንገር?»
ሌላ አላሉም።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ሦስት በአራት ናት፤
ኮርኒስ የላትም፣ ቆርቆሮ ደፍተናት።
ጋራው ላይ ነጫጭ ክንፍ ይዞራል፣ ይዞራል፤
በእኛ ሰፈር መብራት ከምሳ ወዲህ ሄዷል።
ልጄ ሚልኪ፣ ስድስት ዓመቷ፣ ልብሷን አውልቃ
ሲሚንቶው ላይ ተኝታለች፣ ሆዷን አጣብቃ።
ባሌ አንሶላ ነክሮ በሩ ላይ ይሰቅላል፤
«እርጥብ ነፋስ ሠራሁ፣» ይላል።

ለምን እንደ ሆነ እንጃ፣ መለኪያውን አወጣሁ።
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ሠላሳ ስድስት።
ከዚያ ቅጹን፣ በሻማ፣ ለቀልድ ያህል ሞላሁ።
አየር ማቀዝቀዣ፦ የለም።
ማራገቢያ፦ የለም።
ማቀዝቀዣ ሣጥን፦ ተሽጧል።
አምፖል፦ አንድ። እሱም ጠፍቷል።
በካሬ ሜትር በዓመት የሚፈጀው ኃይል —
ደመርኩት፣ ደገምኩት፣ ተሳስቼ ይሆናል፤
መመሪያውን ገለጥኩ፣ ሰንጠረዡን አየሁ፣
ጣቴ ከላይኛው ሣጥን ሄዶ ቆመ፦
ሀ።

የሽብሩ መስታወት ያላገኛት ማዕረግ፣
የወርዶፋ ግንብ እንኳ ያልደረሰባት ወግ፣
ለዚች ለጋለች ምጣድ፣ ለዚች ለቆርቆሮ!
ቅጹ ምን ያድርገው፣ የተማረው ቆጠሮ
ያበሩትን እንጂ ያጡትን አይቆጥር፤
ላብ የሚጻፍበት የለው አንድም መሥመር።

ሚልኪ ነቃች። በጉልበቷ መጣች፣
ጣቷን ወረቀቱ ላይ ፈልጋ አስቀመጠች፤
ዘንድሮ ነው የገባችው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይቺን ታውቃለች።
«ሀ!» አለች።
ትንፋሿ ሻማውን አዘነበለው።
«ሀ… ሀ…» ሩቅ ሮጦ የመጣ ውሻ እንደሚለው።
«እማዬ፣ አንደኛ ወጣን?»

ባሌ አንሶላውን ደግሞ ነከረው።
እኔ አሥራ ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ አጠፍኩና
እስክትተኛ ድረስ አራገብኩላት፣
ፊደሉ በፊቷ ላይ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣
ሲሄድ።