ደንበኛ

ቤቴ ሽምብጥ፣ እንጀራዬ ዘንዘልማ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዓባይን ድልድይ
በብስክሌት ሳቋርጥ፣ ከባጃጅ ስሻማ፣
ፔዳሉ ሳይደክም ጉልበቴ ደከመ፤
በሰኔ ዝናብ፣ መሐል ድልድዩ ላይ፣
እንደ እልኸኛ በቅሎ አልሄድም ብሎ ቆመ።

ያን ማታ ነበር በስልኬ መስታወት
ቀዩን ሞተር ያየሁት።
ቤንዚን አይጠጣም ይላል፣ ለሰልፍ አይዳርግም፤
ሌሊት ሶኬት ላይ ካደረ
ቀኑን ሙሉ ቢሮጥ ትንፍሽም አይልም።
ከሥሩም ተጽፏል፦
«ናቲ ሞተርስ! ደንበኛ ንጉሥ ነው!»
በዕድሜዬ ማንም ሰው ንጉሥ ብሎኝ አያውቅ፤
ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ።

እቁቡ ወጣልኝ። ባንቺአምላክ ለጣራው ቆርቆሮ ስታልም
እኔ ሰባ ስምንት ሺህ ብር
በአውራ ጣቴ ገፋሁት፣
ሰው ከዳር ሆኖ ታንኳ እንደሚገፋ።
ገንዘቡ ማዶ ደረሰ።
ታንኳዋ አልተመለሰች።

«ነገ ይደርስሃል፣ የኔ ጌታ» አለኝ ናቲ።
ነገ። ደግሞ ነገ። መንገዱ፣ ኬላው፣ የሹፌሩ ሕመም፤
የመናኸሪያው ዘበኛ በስሜ እስኪጠራኝ ተመላለስሁ።
በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከሽንኩርት ጆንያ መሐል፣
ጎኑ የተጨፈለቀ ካርቶን ወረደልኝ።
ጋሪ ተከራየሁ። የሰፈር ልጆች
እንደ ሙሽራ አጅበው ቤት አደረሱኝ።

ሲከፈት፣
ቀዩ አመድማ ሆኗል።
ይሁን አልሁ፤ በቀለም አይኬድ።
ቁልፉም የሌላ ሞተር ነው። ይህም ይሁን አልሁ።
ብስክሌት ጠጋኙ እንየው ወንበሩን በፌሮ ፈልቅቆ
ዝም አለ። እንየው ዝም የሚል ሰው አልነበረም።
ባትሪው በሚያድርበት ጎሬ
በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ እንደ ቅርጫ ሥጋ፣
ሁለት ጡብ ተኝተዋል።
ለሚዛን መሆኑ ነው። ያነሳው ሰው ከብዶት እንዲያምን።

ደወልሁ። ናቲ ሳቀ፣ የለመደ ሳቅ፦
«ጡቡ ለጉዞ ድጋፍ ነው! ባትሪው በሌላ ጭነት ይመጣል፤
ለማስጫኛ ስምንት ሺህ ብቻ ጨምር፣ ቅዳሜ እጅህ ይገባል።»
እዚህ ላይ፣ ባንቺአምላክ እንዳታነበው ብዬ
የዘለልሁት ስንኝ ነበር፤ ይኸው ጻፍሁት፦
ስምንቱንም ላክሁት።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የምትመልስልኝ ያቺ የስልኳ ሴት ናት፤
ድምፅዋ እንደ ንጋት ጣና የረጋ፦
«የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም።»
ደንበኛ?
እመቤቴ፣ ተሳስተሻል፤ ደንበኛውስ እኔ ነኝ፣
ንጉሡም እኔው ነኝ፣ ዙፋኔ አልነሳ ያለኝ።
እሱን ደንበኛ ካልሽው፣ ጨርሰሽ ጥሪው፣
ደንበኛ ሌባ በይው፤ አማርኛው ይፈቅድልሻል።
እሷ ግን ትደግማለች እንጂ አትሰማም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ሳጅን መኳንንት መዝገብ ገለጠ።
«የሻጩ ስም?» «ናቲ።»
«የአባት?» «ሞተርስ።»
ብዕሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

ዛሬ ሞተሩ ጓሮ ነው፣ ማንጎው ሥር፤
ዶሮዋ መቀመጫው ላይ ታድራለች፤
ልጆች በአፋቸው አስነስተው
ጎንደር ደርሰው ይመለሳሉ፣ ያለ ባትሪ።
እንየው አንዱን የጎን መስታወት ፈትቶ
ለብስክሌቴ ገጠመልኝ።
ድልድዩ ላይ ስወጣ፣ ዘንባባው፣ ከተማው፣ ባጃጁ ሁሉ
መዳፍ አክሎ ይከተለኛል።
የሰማንያ ስድስት ሺህ ብር መስታወት!
ከኋላዬ የሚመጣውን አሁን አያለሁ።
ዘግይቼ።

ባንቺአምላክ አልተቆጣችም፤ ቁጣው ይሻለኝ ነበር።
ጡቦቹን አጥባ ከውሃው በርሜል ሥር አስገባቻቸው፤
በርሜሉን ነቅነቅ አደረገችው። አልተነቃነቀም።
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣
«ጡቡ እንኳ» አለች፣ «ደንበኛ ጡብ ነው።»