የሊጋባ ቤት መብራት

ከራስ መኮንን ድልድይ፣ ዳገቱን ሲወጡ፣
ከሠራተኛ ሰፈር፣ ታጥፈው ሲመጡ፣
አንድ ጥድ አለ፣ ወገቡ የጎበጠ፣
አንድ አጥር ነበረ፣ ግማሹ የሰመጠ፤
ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ፣ የሊጋባ ጉልላቴ ቤት፣
ባለ እንጨት ደረጃ፣ ባለ ሰገነት፣
ቆርቆሮው በግመል፣ በረሃ አቋርጦ የመጣለት።

እኔ ያደግሁት ከፈረሶቻቸው ጋጣ፣
የቀበሌ ቤት ተብሎ፣ ቁጥር ከወጣለት፣
ሦስት ብር ከሃምሳ፣ ኪራይ ከተቆረጠለት።
ሐምሌ የገባ እንደሆን፣ ጭቃው ሲርስ ጊዜ፣
ፈረስ ፈረስ ይሸታል፣
የማላውቀው ፈረስ፣ ላቡና ትካዜ።

ስለዚያ ግቢ የማይባል አልነበረም።
እትዬ ዘርትሁን፣ ጉድጓዱን አሳይተው፣
"ከነሣጥኑ ወርቅ አለ፣ ዘንዶ የሚጠብቀው።"
ልብስ ሰፊው ሙዘይን፣ መርፌውን በጥርሱ ይዞ፣
"ደወል ነው እንጂ ወርቅ የለም፣
ጣልያን ሲገባ የጣሉት፤
ዓርብ ሌሊት ጆሮ ብትጥል፣ ይደውላል፣ ዝም አይልም።"
ኳሳችን እዚያ የገባች እንደሆን፣
አልቅሰንላት እንሄዳለን፣ እንደ ሞተ ሰው።
ዘበኛው አባ ደግፌ፣ ይህን አይል ያን አይል፤
ማታ ማታ ብቻ፣ ጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብሎ፣
"ደህና እደር" ይላል፣ ጮክ ብሎ፣
ይሄዳል፣ ዱላውን አንጠልጥሎ።

ከሁሉ የባሰው ግን፣ የላይኛው መስኮት፣
ደረጃው የወደቀ፣ እግር የማይደርስበት።
ከታች የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው፣
ማኅተም ይመታል፣ ጠመንጃ ይወለወላል፤
ከላይ ሌሊት ሌሊት አንዲት ጭላንጭል
ብልጭ ትልና ድርግም ትላለች።
"በለጥሻቸው ናት" ይላል ሰፈሩ፣ "የሊጋባ ልጅ ናት፣
እንደተኳለች የሞተች፣ ሙሽራው የቀረባት።"
እናቴ ትምላለች፣ ቦኖ ወረፋ ላይ፣
"አይቻታለሁ በዓይኔ፣ ኩሏ ጉንጯ ላይ ፈሶ፤
ቀና ብሎ ያያት፣ አይኖርም ዓመት ደርሶ።"
አብዮት ጠባቂው እንኳ፣ "እግዜር የለም" ባዩ፣
በዚያ ሲያልፍ ያማትባል አሉ፣
ከካፖርቱ ሥር፣ እንዳይታይ።

ዘመን ሄደ። ግንቡ ላይ በቀይ ቀለም
"ይፈርሳል" ተጻፈ።
እናቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና አላለችም።
"እኔ ነበርኩ" አለች።
"ምኑ?"
"መብራቱ።"

ሁለት ልጆች። ሰባት ወር።
ከሚያድኗቸው ሰዎች አናት በላይ፣
እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣
ሳል ሲመጣባቸው ትራስ ነክሰው።
"ሊጋባ ሴት ልጅም አልነበራቸው፤
በለጥሻቸውን የወለድኳት እኔ ነኝ፣
ቦኖው ጋ ቆሜ፣ ባልዲዬ እስኪሞላ።"
መሰላሉን የሚይዝላት አባ ደግፌ ነው፤
"ደህና እደር" ማለቱ፣
ጥበቃው ተኝቷል፣ ውጪ ማለቱ ነው።
"በኋላማ ልማድ ሆነበት። ጉድጓዱም ለመደው።"

አንደኛው ሱዳን ገባ።
ሁለተኛው የእትዬ ዘርትሁን ልጅ ነበር።
እናቱ ከታች ስለ ወርቅ ሲያወሩ፣
እሱ ከላይ ይሰማል።
አንድ ማታ ታመው ሲያቃስቱ ሰማ፤
ወረደ፣
እግሩን በጨርቅ እንደጠቀለለ።
ጠዋት ግቢው ተጠርጎ ነበር።

እትዬ ዘርትሁን እስኪሞቱ ድረስ
ስለ ወርቁ ነበር የሚያወሩት።
"አልነገርኳቸውም" አለች እናቴ፣ "እንዴት ብዬ?"
ልጣጩን ሰበሰበች።

"ታዲያ እማዬ፣ በሰባ ከወረዱ፣
እኔ በሰባ ስድስት ያየሁት መብራትስ?"
ቢላዋውን አስቀመጠች።
"እሱን እኔም አላውቅ። እኔም አይቼዋለሁ፣
አልጋዬ ላይ ሆኜ።
ክብሪት የጫረው ግን የእኔ እጅ አይደለም።"

ዛሬ እዚያ ሰፊ መንገድ ነው፣ የብስክሌት መስመር፣
አበባ፣ ወንበር፣ የመብራት ምሰሶ በደርዘን፤
ጥዱን ብቻ ትተውታል፣ ለምን እንደሆን እንጃ።
ሳልፍ ቀና እላለሁ፣ ከሦስተኛው ቅርንጫፍ ትይዩ፣
መስኮቱ ከነበረበት፣ አየር ብቻ ካለበት።
ከዚያ ጉድጓዱን እገምታለሁ፣
ከስንተኛው ንጣፍ ሥር እንደተኛ፤
የጫማዬን ክር የማስር መስዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣
"ደህና እደር" እላለሁ፣
ቀትር ቢሆንም።