የሐሙስ ሰማይ

በዩትላንድ ዳርቻ፣ ገመዴን ካሰርሁበት፣
ሠዓሊው ዲትለቭ መጣ፣ ሣጥኑን ይዞ በብብት።
ቤት አይሥል፣ ዛፍ አይሥል፣ ጀልባም ሰውም አይሥል፤
አንጋጦ ይውላል እንጂ፣ አንገቱ እስኪዝል።
መዳፍ በምታህል፣ ዘይት በጠጣች ወረቀት፣
ደመና ይለቅማል፣ ከመበተኑ በፊት።

«ሥራ ፈት» አሉት ዓሣ አጥማጆቹ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤
ሰማይ ሳላይ አንድ አንሶላ አስጥቼ አላውቅም።
ቀለም አልቆጠርሁም፣ ፊደል አልለይም፤
የደመና ግራጫ በመቁጠር ግን የሚያህለኝ የለም፦
አንዱ የርግብ ደረት፣ አንዱ የዓሣ ሆድ፣
አንዱ ጨው የበላው የመረብ ገመድ።
«እዚህ ጋ ሰማያዊ አነሰህ» እለዋለሁ፤
ዝም ይላል። ቆይቶ ሲጨምር አየዋለሁ።
ሲጨርስ ገልብጦ ጀርባው ላይ ይጽፋል፣
ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ንፋሱ ከየት እንደ ነፈሰ።

ልጄ ዬፔ የሄደው ሐሙስ ነው፣ ድንች በሚቆፈርበት ሳምንት።
ጀልባው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ።

በረዶው እስኪቀልጥ ዝም አልሁ። ከዚያ በሩን አንኳኳሁ፤
«የዚያን ሐሙስ ሰማይ አሳየኝ» አልሁ።
ማዕበል ነበር የጠበቅሁት፤ ጥቁር፣ የተቀደደ፣
ቆሜ የምረግመው ነገር፣ ፊቱ የከበደ።
ከክምሩ መሐል መዝዞ ያወጣው ግን
እንደ ተበጠረ ሱፍ ስስ ደመና፣
ከሥሩ ጥርት ያለ ሰማያዊ።

ልብስ የሚያደርቅ ቀን!
ያኔ ትዝ አለኝ፦ አሥራ አራት አንሶላ
ከቀትር በፊት ደርቆልኝ፣
ንፋሱን አመስግኜው ነበር፤
በአፌ፣ ጮክ ብዬ።

«አንብብልኝ» አልሁት። ጉሮሮውን ጠረገ።
«ሐሙስ። ረፋድ። ንፋስ ከምሥራቅ፣ ብርቱ።
ያማረ ብርሃን።»
ሌላ የለም።

«ከግርጌው ባሕር ጨምርልኝ፤ አንዲት ነጥብ፣ ሸራ የምትመስል።»
«አላየኋትም፣ ቦዲል» አለኝ። «ወደ ላይ ነበር የማየው።»
አልዋሸኝም።
እኔም ወደ ላይ ነበር የማየው።

ወረቀቱን ሰጠኝ። በነጻ አልወሰድሁም፤ አራት ሸሚዝ አጠብሁለት።
ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ፣
ሰማዩ ወደ ግድግዳ፣ ጽሑፉ ወደ እኔ።
ጎረቤቶቼ «ገለበጥሽው» ይሉኛል።
አዎን፣ ገልብጬዋለሁ።

ጥሩ ንፋስ በተነሣ ቀን አሁንም ልብስ አሰጣለሁ፣
መብላት አለብኝና።
ብቻ አላመሰግነውም።