የዘር ሐረግ

እውነቱን ልናገር፤ ካረጀሁ ምን ላፍር፤
መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ፣ ሉቦር።

ሊቡሼ ባሏን ቀብራ ዓመት ሳይሞላት፣
የአያቱን ወይን ከሥሩ ነቅላ ለቀቀችበት እሳት።
ጭሱ እስከ ዲዬ ወንዝ ወርዶ ሲተኛ፣
አጥር ተደግፈን አየን፣ እኔና ሦስት ምቀኛ።

በሚያዝያ ደግሞ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ
ጣት የማያህል ችግኝ አመጣች፣ አባቱ የማይታወቅ ዲቃላ።
«ላውሮት ይሉታል» አለች፤ «በምርምር ጣቢያ ያዳቀሉት፣
ዋግና ሻጋታ መጥቶ፣ ደጁን አይቶ የሚያልፍበት።»

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦
«አጥንቱ ያልተቆጠረ፣ ሰባት ቤት የሌለው ባይተዋር፣
ይህ ወይን ነው? ወይንስ ቁጥቋጦ ለአጥር?»
ሰዉ ሳቀልኝ። ያን ለት ሦስት ብርጭቆ በነፃ ጠጣሁ።

እሷ መልስ አልሰጠችም። ቀና ብላ አየችኝ፤
የኦልድሪክን ሸሚዝ ከገመድ አውርዳ አሳየችኝ።
ስንት ጊዜ ታጥቦ፣ ስንት ፀሐይ መትቶት፣
ሰማያዊው እድፍ ትከሻው ላይ ቀርቷል እንደ ንቅሳት።

እናውቃለን ሁላችን።
ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣
መርጫውን አዝሎ የመዳብ ውሃ ሲረጭበት፣
ዐሥራ ሁለቴ፣ ዐሥራ አራቴ ሲመላለስ በየመስመሩ፣
ሳሉ ይሰማ ነበር እስከ ማዶ መንደሩ።
አፈሩም ያንን ጠጥቶ ትል አልባ ሆኖ ቀረ፤
አካፋ ሲነካው እንደ ገል ጮኸ እንጂ አልተፈረፈረ።

ያም ሆኖ ሳቅሁ።
ሰው ያባቱን ስህተት ሲወርስ ርስት ይመስለዋል።

ሦስት ዓመት አለፈ፤ አራተኛው መጣ፤
ሰኔ ሙሉ ዝናብ፣ ሐምሌም ያንኑ አመጣ።
ትራክተሬ ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቡ ተቀርቅሮ፣
መድኃኒቱ በእጄ ቀረ፤ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ መታብኝ ከበሮ።

መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ዘይት የነካው ወረቀት የመሰለ ነጥብ፤
ገልበጥ ሳደርገው ነጭ ፀጉር።
ከዚያ ዘለላው ጠቆረ፣ ተጨማደደ፣ በነካሁት ቁጥር ረገፈ።
ባለ ስሙ፣ ባለ አጥንቱ፣ ባለ ሰባት ቤቱ ወይኔ
በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሞተብኝ፣ ቆሜ እያየሁት በዓይኔ።
«ወይኔ!» ብዬ ጮህሁ፤
የትኛውን እንደጠራሁ አላውቅም እኔ።

መንገዱን ተሻገርሁ።
አልዋሽም፤ ዲቃላውም ነበረበት እዚህም እዚያም ጠባሳ፤
በሽታው ሞክሮት ነበር፤ ሞክሮ ግን፣ መሰለኝ፣ ረሳ።
ሊቡሼ በዓመት ሁለቴ ብቻ ድኝ ነስንሳ፣
ከግንዱ ሥር አተርና ተልባ ዘርታ፣
ጣቴን ብሰድ አፈሩ እስከ አንጓው አስገባኝ፣ ያላንዳች እንቢታ።

በመስከረም ለቀማ የራሴ የምለቅመው ስለሌለኝ፣
በቀን ሥራ ተቀጠርሁ፤ ቅርጫቱን እሷ አሸከመችኝ።
ጭማቂው ደም የረጋ ይመስላል፤
ሳምንት ሙሉ ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም። እኔም አጥብቄ አላጠብሁትም።

በየካቲት ብርድ፣ ምድር ቤት ወርደን፣
በመስታወት ቱቦ ከበርሜሉ ስባ ቀዳችልኝ፣ ሻማ አብርተን።
ቀመስሁ። ጥቁር እንጆሪ፤ ትንሽ በርበሬ፤ ዝናብ የጠጣ አፈር።
አገላብጬ ቀመስሁ፣ ነውር እንደሚፈልግ አማት፤ ነውር አልነበር።

«ያባቴን ወይን አይመስልም» አልኋት፤ ክፋቴ አልሞተም።
«አይመስልም» አለች። «የኦልድሪክንም አይመስልም።
እሱ ቢቀምሰው ‹አንድ ነገር ጎድሎታል› ይላል፤
እኔም ብዙ ሌሊት ቁጭ ብዬ ምን ጎደለው እያልሁ ቀምሻለሁ።»
ሻማዋን በመዳፏ ከለለች።
«የጎደለው ሳሉ ነው።»

ደረጃውን ስንወጣ ምንም አላወራንም።

ይኸው መጋቢት ገባ። ያባቴን ግንዶች ከምሬያለሁ፤
ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ወደ ማታ፣ እሳቱን እለኩሳለሁ።
አጥሬ ረጅም ነው፤ ለብዙ ሰው ይበቃል፤
መሳቅ የፈለገ ይምጣ፤ መጥቶ መደገፍ ይችላል።